ከጉዝጓዙ ሥር ያደገው

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ቆጣሪ» ነው የሚለው። ዕድሜውን በሙሉ ለውኃ መሥሪያ ቤት ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው፤ በየግቢው እየገባ፣ የብረት ክዳን በመንጠቆ እያነሳ፣ በሆዱ ተኝቶ ጉድጓድ ውስጥ አንገቱን እየሰገገ። ባልደረቦቹ ቁጥሩን አይተው ወደሚቀጥለው በር ሲሮጡ፣ እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሳያይ አይነሳም። እንቁራሪቷ በየት ገባች? ይሄ ሥር የየትኛው ዛፍ ነው? ሸረሪቷ በዚህ ጨለማ ማንን ልትይዝ ነው ድሯን የዘረጋችው? የግቢው ባለቤቶች መጀመሪያ ይገረማሉ፤ ኋላ ግን እነሱም አጠገቡ ቁጢጥ ብለው አብረውት ያያሉ።

ጡረታ ሲወጣ የሚያየው ነገር ጠፋ። ቤት ውስጥ ከወዲያ ወዲህ እያለ፣ የማድ ቤቱን መሳቢያ እየከፈተ «ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» ሲል የሚስቱን ነፍስ ሊያወጣት ደረሰ።

«አንተ ሰው፣ ማንኪያ ነው! ማንኪያ አይተህ አታውቅም?» ትለዋለች።

በመጨረሻ ሌላ ከተማ ለምትሠራው ሴት ልጃቸው ደውላ፣ «አባትሽን የሆነ ነገር አሲዢልኝ፤ አለዚያ ወይ እሱ ወይ እኔ ከዚህ ቤት እንወጣለን» አለቻት። ልጅቱም ለእረፍት ስትመጣ ካርቶን ሙሉ ጫጩት ይዛ ከች አለች።

ጓሮ ያለችው ዕቃ ቤት ተጠርጋ የጫጩቶቹ ቤት ሆነች። የብሎኬት ግድግዳ አላት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ አላት፣ በስተኋላዋ ደግሞ በሽቦ ወንፊት የተሸፈነ ሰፊ መስኮት አላት። የሚስቱ ታናሽ ወንድም አናጢ ስለሆነ፣ ጉዝጓዙ የሱ ድርሻ ሆነ። ከሥራ ቦታው ሰጋቱራ በጆንያ እያመጣ ወለሉ ላይ ወፈር አድርጎ አነጠፈላቸው። ጫጩቶቹም እዚያ ላይ ሲጭሩ፣ ሲንከባለሉ፣ ሲጣሉ አደጉና ላባ አወጡ፤ ቄብ ቄብ መምሰል ጀመሩ። ጋሽ ቆጣሪ በርጩማውን ይዞ ገብቶ ሲያያቸው ይውላል። የትኛዋ የትኛዋን እንደምትጠነቁል፣ የትኛዋ ውኃ ስትጠጣ ዓይኗን እንደምትጨፍን አወቀ። ሚስቱም እፎይ አለች።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የዚያን ዓመት ዝናብ እንኳ ማውራት ነው የሚያታክተው። ነፋሱ በጓሮ በኩል እየመጣ በመስኮቱ ውኃ ሲረጭባቸው፣ ቄቦቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ሲንቀጠቀጡ አይቶ አንጀቱን በሉት። ወፍራም ላስቲክ አመጣና መስኮቱን ከላይ እስከ ታች ግጥም አድርጎ በምስማር መታው። የበሩን ሽንቁር ሁሉ በጆንያ ወታተፈው። ቤቷ ወዲያው ሞቀች።

«አሁን ገና ሰው ሆናችሁ» አላቸው ደስ ብሎት።

አናጢውም በአሮጌው ጉዝጓዝ ላይ አዲስ ሰጋቱራ ጨመረበት። ውስጥ ሲገቡ ሙቀቱ ፊት ይቀበላል። ሽታው የከረመ ጆንያ፣ የከረመ ጆንያ ይላል፤ ጋሽ ቆጣሪ ግን ዶሮ ቤት ሽቶ ሊሸት ነው እንዴ ብሎ አለፈው።

ሳይቆይ አንዷ ቄብ ታመመች። አንገቷን ወደ ላይ መዝዛ፣ አፏን ከፍታ አየር ትጎርሳለች። እንደ ጥማተኛ ትጎርሳለች እንጂ ድምፅ የላትም። ጋሽ ቆጣሪ ብድግ አደረጋትና ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጠፈ። ብርድ የመታት ዶሮ እንደምታንኮራፋ፣ ጉሮሮዋ እንደሚንኳኳ ያውቃል። ይቺ ግን ጭጭ ናት። በማግስቱ ሞታ አገኛት፤ ሁለት ሌሎች ደግሞ እንደሷ አፋቸውን ከፍተዋል።

የጎረቤቷ ሴትዮ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች። እሷም ዶሮ ስለምታረባ በዚህ ነገር ማንም እንዲቀድማት አትፈልግም።

«ፈንግል ነው! እኔ ነኝ የምልህ ጋሼ፣ ፈንግል ነው። የኔዎቹን ሳይጨርስብኝ ያንተዎቹን አስወግድልኝ!»

«ፈንግል ከሆነ ያንቺዎቹ እስካሁን እንዴት ደህና ሆኑ?» ብሎ ጠየቃት፤ ሊከራከራት ሳይሆን የምር ሊያውቅ ፈልጎ።

«እኔ ምን አውቄ! ስለምጸልይላቸው ይሆናላ!»

ሚስቱም ከጎረቤቷ ጋር አበረች። «ሁሉንም አስወጣልኝ» አለች። «ዛሬውኑ። ያንን ቤትም ዝጋው።» ፊቷ ልክ አልነበረም። በዶሮ ምክንያት እንዲህ ስትሆን አይቷት ስለማያውቅ ግራ ገባው፤ ግን ልቡ ሌላ ነገር ላይ ስለነበር ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

ልቡ የነበረው ጥጉ ላይ ነው። ያየውን ነገር እያመነዠከ አደረ፤ የታመሙት ሁሉ ከኋላ ባለው ጥግ፣ መስኮቱ ሥር የሚተኙት ናቸው። በር አካባቢ የሚያድሩት ግን እየተሯሯጡ ነው። በሽታ ቦታ ይመርጣል እንዴ? ጠዋት መንጠቆውን ይዞ ገባና ጥጉ ላይ ጉዝጓዙን ቆፈረ። ከላይ እንደ ዳቦ ቅርፊት ደርቋል፤ ቅርፊቱ ተነስቶ ሲገለበጥ ግን ጋሽ ቆጣሪ «አበስኩ ገበርኩ!» ብሎ ተንበረከከ። ሰጋቱራው ተያይዞ አረንጓዴና ግራጫ ፀጉር አብቅሏል። ልስልስ ያለ፣ ከፈይ የመሰለ ነገር ነው፤ ዳርና ዳሩ ነጭ፣ መሐሉ ጠቆር ያለ። እጁን ሲሰድበት ትኩስ ነው። ከአጠገቡ ደግሞ ክር የመሰሉ እግሮች ያሏቸው ጥቃቅን የጅብ ጥላዎች ቆመዋል። ዕድሜ ልኩን ጉድጓድ ሲያይ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ጠጋ ብሎ እፍ ሲልበት አመድ የመሰለ ጢስ ቡን አለና በአፍንጫው ገባ። እያሳለ ወጣ።

ያም ሆኖ ባዶ እጁን አልወጣም። በማርመላታ ጠርሙስ ትንሽ ጨልፎ፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ፣ ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ ብርሃን የሚያገኝበት ቦታ አስቀመጠው። ሚስቱ ስኳር ልታወርድ ስትሄድ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱን ነው የማላውቀው» አላት በኩራት።

ጠርሙሱ ከነነፍሱ ወደ በረንዳ ተሰደደ።

ያስጠራት የእንስሳት ሐኪም በማግስቱ መጣች። ቦት ጫማ ያደረገች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ወጣት ሴት ናት። የሞተችውን ቄብ ጓሮ ጆንያ ላይ አስተኝታ ደረቷን ከፈተች። ጋሽ ቆጣሪ መነጽሩን አድርጎ፣ ራሷን በራሱ እስኪገጭ ድረስ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ብርሃን ይስጡኝ» አለች እየሳቀች። ከዚያ በመቀሷ ጫፍ አሳየችው። «ሳንባዋ ላይ ይቺን ያዩአታል? ሰሊጥ የምታክለውን ቢጫ ነጥብ? ይቺውና ሌላ። ይቺውና ሌላ። ፈንግል አይደለም። ሻጋታ ነው።»

«ሻጋታማ ጉዝጓዙ ላይ ነው ያለው።»

«ጉዝጓዙ ላይ ያለው ዱቄቱን ይለቃል። ዱቄቱ ዘሩ ማለት ነው። ሲጭሩ ይቦናል፣ ይተነፍሱታል፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይበቅላል።»

«ይበቅላል? በሕይወት ያለች ዶሮ ውስጥ?»

«ሙቀት አለ፣ እርጥበት አለ። ምን ጎደለው?»

ጋሽ ቆጣሪ መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ሳንባው ይበልጥ ጎነበሰ። «ድምፅ የሌላቸውስ ለምንድን ነው?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ጉሮሯቸው ላይ አክታ የለማ። የአየሩ መግቢያ ክፍት ነው፤ የሚያርፍበት ቦታ ነው የተያዘው።» ጓንቷን አወለቀች። «መድኃኒት የለውም ጋሼ። ከዶሮ ወደ ዶሮ ግን አይተላለፍም፤ ጎረቤትዎን ያረጋጉ። ጉዝጓዙን በሙሉ ያውጡት። ስታወጡት እንዳይቦን ውኃ ረጨት ረጨት አድርጉበት፤ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። ይሄ ነገር ለሰው ሳንባም አያዝንም። በረንዳው ላይ ያየሁትን ጠርሙስም እንዳይከፍቱት።»

«ከየት መጣ ታዲያ?»

«እሱን እዚህ ቆሜ ልነግርዎት አልችልም። ሰጋቱራው ሲመጣ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ መጥቶም ሊሆን ይችላል። ሻጋታ እንደሆነ የሌለበት ቦታ የለም፤ የሚመቸውን ቦታ ነው የሚጠብቀው።»

የጎረቤቷ ሴትዮ ከአጥሩ ጀርባ ጆሮዋን ጥላ ኖሮ፣ ከዚህ ሁሉ ንግግር የያዘችው አንዱን ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ወሬው እግር አውጥቶ አናጢው ዘንድ ደረሰ፤ «ያንተ ሰጋቱራ የእህትህን ባል ዶሮዎች ፈጀ» ተብሎ። አናጢው ጆንያ ተሸክሞ መጣና በረንዳው ላይ ዘረገፈው።

«እንካ ጋሼ፣ አሽተው! ዳስሰው! እርጥብ ነው? እኔ ነኝ የበሰበሰ ነገር የማመጣልህ?»

«ማን አለህ? እኔ?»

«ሰፈር ሁሉ ይላላ!»

ጋሽ ቆጣሪ ሰጋቱራውን በሁለት እጁ ዘግኖ አሸተተው። ደረቅ ነው፤ ትኩስ እንጨት፣ ትኩስ እንጨት ይሸታል። «ይሄኛው ደረቅ ነው» አለ። «የቀደመው ግን…» ብሎ ምላሱን ነከሰ። አናጢው ፊቱን አዙሮ ሊሄድ ሲል እህቱ በሩ ላይ ቆማ ጠራችው።

«ትሄዳለህ? ና እንጂ! ያንን ቤት የሚጠርገው አንተ ነህ። እሱ አይገባም።»

«ኧረ እኔ እጠርገዋለሁ» አለ ጋሽ ቆጣሪ አካፋውን አንስቶ።

«አትገባም አልኩህ!»

ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ሁለቱም ዞረው አዩዋት። እሷም በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን አጨንቁራ ወደ ዶሮ ቤቱ ስታይ ቆየች።

«አባባ እህል መጋዘን እንደነበር የሚሠራው ታውቃለህ» አለችው ባሏን።

«አውቃለሁ።»

«የረጠበ እህል ሲገለብጥ ነው የዋለው። ማታ ሲገባ ልብሱ እንዲህ ነበር የሚሸተው፣ እንደዚያ ጠርሙስ። መጀመሪያ ሳል ብቻ ነበር። ከዚያ እንደነዚያ ዶሮዎች ሆነ። አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ። ድምፅ አልነበረውም።» ታናሽ ወንድሟን በአገጯ አመለከተችው። «እሱ ሕፃን ስለነበር አያስታውስም። ትናንት አንተ እያሳልክ ከዚያ ቤት ስትወጣ…» ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

ጋሽ ቆጣሪ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። አማቱ በደረት ሕመም እንደሞቱ ሲነገር ሰምቷል፤ እሱ ከመምጣቱ በፊት ነው የሞቱት። እንዴት ብሎ ግን ጠይቆ አያውቅም። የሰውን ሁሉ ጉድጓድ ሲመረምር የኖረ ሰው፣ አንድ ትራስ ላይ አብራው የኖረችውን ሴት ይቺን ታህል ነገር አለመጠየቁ ትንሽ አሳፈረው። ሄዶ ከጎኗ ተቀመጠ። ትከሻውን ወደ ትከሻዋ አስጠጋ።

«እንግዲህ አንድ ላይ እንሥራው» አለ አናጢው በመጨረሻ፤ ቁጣው የት እንደገባ እሱም አያውቅም። «እኔ አወጣለሁ፣ እሱ ውጭ ሆኖ ይቀበለኛል። እኔ ቤት ቀለም ስንቀባ የምናደርገው ጥሩ ማስክ አለ፤ አመጣለሁ።»

ማስኩን እሷ ራሷ አሰረችላቸው፣ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ድረስ አጥብቃ። ዶሮዎቹ በሳጥን ወጡ፤ ጉዝጓዙ ውኃ ተረጭቶበት፣ በአካፋ ተጭኖ፣ ከግቢው ራቅ ብሎ ተቀበረ። ወለሉ ታጥቦ ደረቀ፤ አዲስ ደረቅ ሰጋቱራ ገባ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሐኪሟ እንዳለችው ነው የሆነው።

ጋሽ ቆጣሪን ግን የ«ከየት መጣ» ጥያቄ ከነከነው። አማቹም ስሙ ስለተነሳ ከሱ ባልተናነሰ ማወቅ ፈለገ። ሁለቱ ተማክረው ከአንድ ጆንያ ሰጋቱራ በሦስት ጠርሙስ ሞሉ። አንዱን ደረቁን ተዉት። ሁለቱን አረጠቧቸው፤ አንዱን ክዳኑን ገጥመው ዘጉት፣ ሌላውን ክፍት ትተው በማንኪያ እያገላበጡ አየር እንዲያገኝ አደረጉት። ከዚያ በረንዳው ላይ ተደረደሩ። አናጢው ወደ ሥራው ሲሄድና ሲመለስ ጎራ ይላል።

«እህስ?»

«እስካሁን ዝም ብሏል።»

«የተዘጋው ላብ ላብ አላለውም?»

«እሱንማ እያየሁት ነው።»

ሚስቱ በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ «ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሰጋቱራ እያሳደጉ!» ትላቸዋለች። ያም ሆኖ ሲሄዱ ጠብቃ ጎንበስ እያለች እንደምታይ አማቹ ደርሶባታል። እንዲያውም የተዘጋው ጠርሙስ ውስጥ የመጀመሪያዋን ነጭ ነጥብ ያየችው እሷ ናት። «ኑ! ኑ! ወጣ!» ብላ ስትጮህ፣ የጣደችው ነገር ያረረባት መስሏቸው እየሮጡ መጡ። ነጥቧ ሰፋች፣ ፀጉር አወጣች፣ አረንጓዴ ሆነች። ክፍቱ ጠርሙስ ረጥቦ የነበረ ቢሆንም ደርቆ እንዳማረበት ቀረ። ደረቁማ እንደሞሉት ነው።

«አየህ!» አለ አናጢው ጠረጴዛውን መትቶ። «አንድ ሰጋቱራ ነው። እንጨቱ ምንም አላደረገም። ውኃና መታፈን ነው!»

«ውኃው ታዲያ ከየት መጣ?» አለ ጋሽ ቆጣሪ። «ጣሪያው አያፈስም። መጠጫቸው ያለው በሩ ጋ ነው። አዲሱ ጉዝጓዝ ደግሞ ያው ጥግ ላይ ዛሬም ረጠብ ብሏል።»

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ወጣ። ጋሽ ቆጣሪ ማስኩን አድርጎ፣ ሚስቱን አስፈቅዶ፣ በርጩማውን ይዞ ጥጉ ላይ ሄደና ተቀመጠ። ዶሮዎቹ በሚያዩት በኩል ልይ ብሎ ነው። ብዙም አልቆየ፣ ማጅራቱ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ጠብ አለ። ቀና አለ። ደግሞ ጠብ አለ፣ ግንባሩ ላይ። ውጭ ፀሐይ ነው፤ ውስጥ ያንጠባጥባል። ተነስቶ ጣቱን ላስቲኩ ላይ ሲያሳልፍ እጁ እስከ አንጓው ድረስ በውኃ ራሰ። ላስቲኩ በውስጥ በኩል ከላይ እስከ ታች ጠብታ ለብሷል። ጠብታው ይገናኛል፣ ይወፍራል፣ ግድግዳውን ይዞ ወደ ጥጉ ይወርዳል።

ዶሮዎቹን ዞሮ አያቸው። ያ ሁሉ ደረት ይነፋል፣ ይተነፍሳል፤ ያ ሁሉ ኩስ ይተናል። መውጫ የለውም።

«የናንተው ትንፋሽ!» አለ ጮክ ብሎ። «ዝናቡን ውጭ አስቀረሁ ብዬ፣ ውስጥ ነው የዘጋሁባችሁ!»

ያንኑ ቀን አማቹ ዘንድ ሄደ። አናጢው ጣውላ እየላገ ነበር። ጋሽ ቆጣሪ በሩ ላይ ቆሞ ሳይዞር ሳይጠመዘዝ ነገረው። «ያንተ ሰጋቱራ አይደለም። የኔ ላስቲክ ነው። ብርድ አይንካቸው ብዬ ነበር።»

አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ። ሊስቅ ነበር፤ ግን የሽማግሌውን ፊት አይቶ ተወው። «ታዲያ በክፋት አደረግከው እንዴ?» አለ። «ና ይልቅ፣ ሳይመሽ እናፍርሰው።»

ላስቲኩን ቀደው ጣሉት። በምትኩ አናጢው ቁርጥራጭ ጣውላዎች አጋድሞ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ከመስኮቱ ውጭ ገጠመለት፤ ነፋሱ በመሐል ይገባል፣ ዝናቡ ግን ተንሸራቶ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ጉዝጓዙ በመንሽ እየተገላበጠ ደረቅ ሆኖ ከረመ። ያ የከረመ ጆንያ ሽታም ጠፋ።

ታመው ከነበሩት አብዛኞቹ ሞቱ። ለአንዳንዶቹ ጊዜው አልፎ ነበር። አንዷ ብቻ ተረፈች፤ የበረንዳውን ደረጃ ስትወጣ የሚደክማት፣ ከጓደኞቿ ያነሰች። እንቁላል አልጣለችም። ጋሽ ቆጣሪም ከሌሎቹ ቀድማ እንድትበላ ለብቻዋ ይሰጣታል እንጂ ምንም አላላትም። ሌሎቹ ክረምቱ ሲወጣ መጣል ጀመሩ። የመጀመሪያዋ እንቁላል ለጎረቤቷ ሴትዮ ተሰጠች፤ እሷም «ጸሎቴ ነው» ብላ ተቀበለች። አናጢውን ግን ሰፈሩ ውስጥ በየበሩ እየዞረች «ሰጋቱራው ንጹሕ ነው» ስትልለት ሰነበተች፤ ይቅርታ መጠየቂያዋ ያ ነበር።

የሻገቱት ጠርሙሶች ሳይከፈቱ አሮጌው ጉዝጓዝ ያለበት ቦታ ተቀበሩ። ሐኪሟ ከመቀበራቸው በፊት መጥታ አይታቸው፣ ክፍቱ ለምን እንዳልሻገተ ከጋሽ ቆጣሪ ጋር በረንዳው ላይ ረዥም ጊዜ ስታወራ ቆይታ፣ ሌላ ቀጠሮ እንዳለባት የታወሳት ከረፈደ ነው።

አንድ ጠዋት አናጢው ደወለ። ከሥራ ቦታው ጀርባ የተጋደመ አሮጌ ግንድ ላይ፣ እንደ መደርደሪያ የተደራረበ ብርቱካናማ ነገር በቅሏል አለ። እንደ ሰው ጆሮ የሰፋ፣ ሲነኩት ደግሞ እንደ ቆዳ የጠነከረ።

ጋሽ ቆጣሪ ስልኩን ሳይዘጋው ኮቱን ለበሰ። በሩ ጋ ሲደርስ፣ ወሬውን ስትሰማ የነበረችው ሚስቱ ከማድ ቤት ጠራችው።

«ቆይ» አለችው እጇን እየጠረገች። «ጫማዬን ልቀይር። ብርቱካናማ ነው ያለህ? ከሥሩም ብርቱካናማ ነው?»

«አልጠየቅኩትም።»

«እንዴት አትጠይቅም?» አለችና ቀድማው ወጣች።